የጯሂዋ እናት

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወረፋ ነበር። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ባለቤቲቱና አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ሲያወሩ አያለሁ። ድምፃቸው ወደ ውጭ አይወጣም፤ ቢወጣም ለእኔ ያው ነው። አፋቸው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቲቱ ትሪ ላይ ዳቦ እየደረደረች፣ «ጯሂዋን ዛሬ ሊያስወጧት ነው አሉ» አለች። ሴትዮዋ ደግሞ፣ «የእጇን ነው ያገኘችው። የፋብሪካ ልጅ ምክር ቤት ምን ጥልቅ አደረጋት?» አለች። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሁለቱም ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው፣ «እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጅሽስ?» አሉኝ። «ደኅና ናት፣ ይመስገነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ዳቦው እንደገና አንሷል። ዋጋ ሲጨምሩ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ዳቦው ሲያንስ ግን የሚናገር የለም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጯሂዋ የእኔ ልጅ ናት። ሌላ ስም አላት፤ ከተመረጠች ወዲህ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። የምትጮኸውም በእኔ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር ቢሮ ያስቀምጡኛል ብዬ ነበር፤ ሽመና ክፍል አስገቡኝ። ሽመና ክፍል ማለት ማሽን ከማሽን ተጠጋግቶ ከዳር እስከ ዳር የሚንኳኳበት አዳራሽ ነው። እዚያ ውስጥ ጎንህ የቆመ ሰው እሳት ተነሣ ብሎ ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ የምናወራው በከንፈር ነበር። ድር ተበጠሰ፣ ማግ አለቀ፣ አለቃው መጣ፣ እገሌ እገሊትን ወደዳት፣ ሁሉንም ከማሽን ማዶ ለማዶ ያለ ድምፅ እንጨርሰዋለን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ለሰው ስትናገር ፊትህን ወደ ሰውየው አዙር። ጀርባህን ከሰጠህ አኩርፈሃል ማለት ነው። እኔ ጡረታ ስወጣ ጆሮዬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር። ልጄም ያደገችው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ፊትሽን አዙሪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ስትባል።

እሷም ትምህርቷን እንደጨረሰች እዚያው ገባች፣ ጨርቅ መርማሪ ሆና። የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ያደረጓት ያለ ማይክራፎን ድምፅዋ የግቢው ጫፍ ድረስ ስለሚደርስ ነው። ያኔ ከሥራ ያባርሯታል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ አላባረሯትም። የወረዳ ምክር ቤት ስትገባ ያጣሏታል አልኩ፤ አልተጣላችም። ለትልቁ ምክር ቤት ስትወዳደር በቃ፣ ይቺ ልጅ ታስራ ነው የማያት ብዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁላት። ብርድ ልብሱ ዛሬም ከነላስቲኩ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። የምክር ቤት አባል ሆና እንኳ ከሁለት ክፍላችን አልወጣችም። ጃኬቷም አንድ ናት፤ እየተኮሰች ትለብሳታለች።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? የፋብሪካ ሠራተኛ ጆሮ እንዲጠበቅ፣ ለደነቆረውም ካሣ እንዲከፈለው የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበች። አንዱ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ «ድምፅ ሰው ገድሎ ያውቃል እንዴ?» ሲል ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ማይክራፎኑ ላይ ደቀነችው። ስልኩ ውስጥ የሽመና ክፍል ድምፅ ነበር። አዳራሹ ተናጋ አሉ። አፈ ጉባኤዋ ደወሉን ብትደውል ደወሉ ራሱ አልተሰማም። ይኸው ነው። «የምክር ቤቱን ክብር ስለደፈረች ከአባልነት ትሰናበት» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ድምፅ የሚሰጥበትም ዛሬ ነው። እሷ ከወጣች ረቂቁም አብሯት ይወጣል፤ መልሶ የሚያነሣው ሰው የለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እቤት ነው። ድምፁን የቀዳችው አጎቷ ዘንድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ሽመና ክፍል የማሽን ጠጋኝ ነው፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ምሳውን ልታደርስለት ገብታ ሳትነግረው ቀዳች። ከማሽኖቹ አንዷ እያነከሰች የምትሠራ ናት፤ ሁለቴ ትመታና ትንሽ ታርፋለች። የፋብሪካው አለቆች ያንን ማነከስ በቴሌቪዥን ሲሰሙ ድምፁ ከማን መስመር እንደወጣ ወዲያው አወቁ። ወንድሜን ከጥገና አንሥተው የጥጥ መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። መጋዘኑ ብርድ ነው። እሱ ግን ያዘነው በብርዱ አይደለም፤ «ብትነግረኝ ራሴ አስቀዳት ነበር» አለኝ አንዴ፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሣም። ማታ ማታ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። በሌላ ሰው ቤት ሁለት ሰዎች ቢኳረፉ ዝም ይባባላሉ፤ በእኛ ቤት ግን ጀርባ ከዝምታ ይከፋል።

ከዳቦ ቤት ስመለስ ልጄ ጃኬቷን ተኩሳ ለብሳለች። ወንድሜ ግድግዳውን እያየ ሻይ ይጠጣል። የሰማሁትን አልነገርኳትም፤ ፊቴ ግን ነገራት መሰለኝ።

«እማ፣ ዛሬ ባትመጪ ይሻላል» አለችኝ።

«እመጣለሁ።»

«እሺ፣ ከመጣሽም አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ። ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም፤ ያስወጡሻል።»

«እኔ ስናገር መቼ አየሽኝ? ቢበዛ ባንሾካሹክ ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ ስታንሾካሹኪ እኮ ጎረቤት ነው የሚመልስልሽ» ብላ ሣቀች። ከዚያ ሣቋን ገታ አድርጋ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ጋሼ፣ ሄድኩ።» እሱ ብርጭቆውን አነሣ። ፊቱን ለማየት ዞራ በግድግዳውና በወንበሩ መካከል ልትገባ ስትል ወንበሩን ወደ ሌላው ጎን አዞረው። እንደ ሕፃን። ትንሽ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እኔም አንድ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ተከተልኳት፤ በአውቶቡስ ግን ለየብቻ ነው የሄድነው፣ እሷ ቀድማ መግባት ነበረባት።

የምክር ቤቱ በር ላይ ሌላ ወረፋ። ጥበቃው ቦርሳዬን ከፍቶ ዳቦውን አየና፣ «እማማ፣ ማንን ሊያዩ ነው?» አለኝ። «ልጄን።» «ልጅዎ ማን ናቸው?» ስሟን ልናገር ስል ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ዐይን ጀርባዬን በላኝ፤ ስሟንማ ማን ያውቀዋል ብዬ ጠጋ አልኩና ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ «ጯሂዋ» አልኩት። ወረፋው በሙሉ ዞረ። መንገድ ማዶ ጫማ የሚጠርገው ሰውዬ ሳይቀር ቀና አለ። አሁን ይመልሰኛል ብዬ ዳቦዬን ሰበሰብኩ። ጥበቃው ግን ፊቱን ወደ እኔ አስተካክሎ፣ ከንፈሩን እየለየ፣ «ይግቡ እናቴ። እህቴ ፈትል ክፍል ናት» አለኝ። አነጋገሩን ሳይ ከማን እንደተማረው ገባኝ። እንዲህ ያለ ሰው በሩ ላይ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ቆሜ በቀረሁ ነበር።

የታዳሚው ቦታ ከአዳራሹ በላይ ያለ ሰገነት ነው። ወንበሩ ለስላሳ ስለሆነ ሰው እንዲተኛ የተሠራ ይመስላል። ከታች አባላቱ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሲናገሩ ወደ ደረታቸው ነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወረቀት እያነበቡ፤ አፋቸው አይታየኝም። ልጄ ዳር ላይ፣ መተላለፊያው አጠገብ ናት። እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀምጣለች፤ በልጅነቷ መርፌ ስትወጋ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። ክሱ ተነበበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ረጅም ነገር ተናገረ። አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተቀመጠ። እኔ ከልጄ ዐይኔን ነቅዬ አንድ ሰው ላይ ተከልኩ፤ ከፊት መደዳ ጫፍ የተቀመጡ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ላይ፣ የቀድሞው ዳኛ ላይ። ልጄ ስለ እሳቸው ደጋግማ ነግራኛለች፤ እሳቸው ወዳዘነበሉበት ግማሹ ቤት ይከተላል ብላ። ሽማግሌው እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ሲሉ ፊታቸው ወደ እኔ ሆነ። ብርሃኑም ነበረ። ልጄን በአገጫቸው አመለከቱና አንድ ቃል ብቻ አሉ። «ት»ን አየሁ። ከንፈራቸው ገጥሞ ሲከፈት «ባ»ን አየሁ። «ረ»ን አየሁ። የመጨረሻዋን ፊደል ጉሮሯቸው ውስጥ አስቀሯት። እኔ ግን የመጨረሻዋን መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ትባረር።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «ለምንድን ነው የምትባረረው?» ስል ራሴን አገኘሁት። «ምን አጠፋች? የእናቷን ጆሮ የበላውን ነገር እናንተ አንዴ ብትሰሙት ምን አለበት? እኛ ዕድሜ ልካችንን ሰምተነዋል!» ይህን ሁሉ ያንሾካሾክሁ መስሎኝ ነበር። ከታች ያለው ግማሽ ክብ በሙሉ ቀና ብሎ አየኝ። አፈ ጉባኤዋ ደወሉን ታነሣለች፣ ታወርዳለች። ልጄ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ገደልኳት አልኩ በልቤ። ያስወጧት እንደሆነ አሁን በእኔ ነው። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘች፤ ኋላዋ ሌላ ጠባቂ አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን አሉ ሴትዮዋ?» ይላሉ። ጎረቤታቸው ጆሯቸው ሥር ነገራቸው። ከዚያ ብድግ አሉ፣ ማይክራፎናቸውን ከፈቱ፣ ፊታቸውን በደንብ ወደ ሰገነቱ አዞሩ። «እህቴ» አሉኝ፣ «ትባረ... አላልኩም። ትባረ... ነው ያልኩት።»

እንግዲህ ምን ላድርግ? ሁለቱም ለእኔ አንድ ናቸው። «እኮ ለምን ትባረራለች?» አልኩ ደግሜ። አዳራሹ አንድ ላይ ተናወጠ፤ አፉን ያልከፈተ ሰው አልነበረም፤ ተቆጡ ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ወጣቷ አስተናጋጅ አፏን ጆሮዬ ላይ ገጥማ፣ እኔ በምሰማው ድምፅ፣ «ትባረክ ነው ያሉት እማማ! ት-ባ-ረ-ክ! እንደ ምርቃት!» ብላ ጮኸችልኝ። ዐይኔን ስከፍት ሰው ሁሉ እየሣቀ ነበር። ክንዴን የያዘችው እጅም እየደገፈኝ እንጂ እየጎተተኝ አልነበረም።

ሽማግሌው ሣቁ እስኪያልፍ ጠብቀው ቀጠሉ፤ ያሉትን አስተናጋጇ በጆሮዬ አቀበለችኝ። «እኔም ጆሮዬ ደክሟል። እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚናገረው ለክራቫቱ ነው። ከተመረጥኩ ጀምሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማሁት ንግግር ቢኖር የዚች ልጅ ብቻ ነው። ለጎረቤቴ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ትባረክ። በመዝገብ ይያዝልኝ።» ተቀመጡ። አፈ ጉባኤዋ እኔን አስወጡ አላለችም፤ ጣቷን ብቻ ነቀነቀችብኝ፣ አስተማሪ ተማሪን እንደሚያደርገው። እኔም እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

የመጨረሻውን ቃል ለልጄ ሰጧት። ደንቡ የሚናገር ሰው ፊቱን ወደ አፈ ጉባኤዋ ያዞራል ነው። እሷም እንደ ደንቡ ጀመረች፤ «ምክር ቤቱን ስለረበሽኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ረቂቁን ግን አላነሣም» አለች። ከዚያ ዞረች። ወደ እኔ የዞረች መስሎኝ ነበር፤ ወደ እኔ አልነበረም። መተላለፊያው ላይ የቆመችው የቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ለፊት ቆመች። አፈ ጉባኤዋ ደወሏን ደወለች፤ ልጄ አልዞረችም። ለመጀመሪያ ጊዜም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከንፈሯን ግን፣ እኛ ከማሽን ማዶ እንደምናደርገው፣ አንድ በአንድ እያፍታታች ተናገረች። እኔ ከጎን ነበርኩና የያዝኩት እኩሌታውን ነው። «ያን ድምፅ ሳልነግርህ ነው የወሰድኩት። ያንተ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱ ውስጥ የምትቆመው አንተ ነህ፤ እኔ ግን ጥቂት ደቂቃ ተውሼ ስም አገኘሁበት። ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።» ማንን እንደምታናግር አዳራሹ ውስጥ የገባው ሰው አልነበረም። እኔ ግን ወንድሜ በዚህ ሰዓት መጋዘን ነው፣ ይህን አያየውም፣ ከንቱ ቀረ ብዬ አለቀስኩ።

በእጅ ነው ድምፅ የተሰጠው። ትሰናበት ሲባል የወጡትን እጆች ሳይ አዳራሹ ጫካ መሰለኝ፤ የምፈራውን ሁሌም አብዝቼ ነው የማየው። አትሰናበት ሲባል ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ፣ ጎረቤታቸው አወጣ፣ ቀጥሎ መደዳው ሁሉ ተከተለ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት፣ ረቂቁም ወደ ኮሚቴ ይመራ ተባለ። አስተናጋጇ ጆሮዬ ላይ ሦስቴ ብትነግረኝም አላመንኳትም፤ ያመንኩት ልጄ እጆቿን ከጭኗ ሥር ስታወጣ ነው።

ደረጃው ላይ አገኘችኝ። «አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ አላልኩሽም?»

«አንሾካሽኬ ነው እኮ» አልኳት።

እየሣቀች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዳቦውን ከጨርቁ አውጥቼ ለሁለት ገመስኩት፤ ጠዋት አነሰ ብዬ የተማረርኩበት ዳቦ ለሁለት በቃን። አላፊ አግዳሚው የምክር ቤት አባል ደረጃ ላይ ተቀምጣ ደረቅ ዳቦ ስትበላ ያያል። ይይ። እኔ የምስጋና ነገር ብዙ አልለመደብኝም፤ ሁልጊዜ ለመጥፎው ስዘጋጅ እጄ ስለሚሞላ ነው። ያን ቀን ግን የበር ጠባቂውን፣ አስተናጋጇን፣ የሽማግሌውን የደከመ ጆሮ ሳይቀር በልቤ አመሰገንኩ። እንዲያውም የራሴን ጆሮ። እሱ ባይደነቁር ይቺ ልጅ መጮኽ ከየት ትማር ነበር?

እቤት ስንደርስ ወንድሜ ቀድሞን ገብቷል። እንደ ልማዱ ወንበሩ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ሻዩ አጠገቡ በርዷል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው በሥራ ሰዓት እቤት ምን ይሠራል? አባረሩት፣ አለቀ፣ አንዷ ስትተርፍ አንዱ ሄደ አልኩ። ልጄ በሩ ላይ ቀረች። እኔ በወንበሩና በግድግዳው መካከል ተሽለክልኬ ፊቱን አየሁት። እየሣቀ ነበር። እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ድምፁን አፍኖ ይሣቃል።

«እትዬ፣ አገር ያወቀሽ ሴትዮ!» አለኝ። «ለዛሬ አስፈቅጄ ሻይ ቤት ሄጄ ነው ያየሁት። የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ድምፁ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው፤ ያንቺን ግን ሁሉም የሰማው መሰለኝ!»

«ድምፅ ከሌለው ታዲያ እንዴት...»

«ሰዎቹ ምን አለች፣ ምን አለች እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንቺ ያልሽውን ነገርኳቸው፣ ሽማግሌውንም ነገርኳቸው፣ ሁለት ሻይ ጋበዙኝ። ከዚያ እሷ ወደ ካሜራው ዞረች።» ሣቁ ጠፋ። ብርጭቆውን አዟዟረ። «ምን አለች አሉኝ። አልነገርኳቸውም። የእኔ ነበራ።»

ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አወረድኩና ላስቲኩን ቀደድኩት። ለእስር ቤት የገዛሁት ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ይልበሰው፤ ወደ ጥገና የሚመልሱት መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ጉልበቱ ላይ ሳደርግለት ዳሰሰውና፣ «ይኸ እንኳ ውድ ነው፣ እትዬ» አለ። ከዚያ ተነሣ፤ ወንበሩን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ሳይጎትተው፣ ወደ በሩ አዞረና ተቀመጠ። ልጄ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ፊት ለፊት ተያዩ። ወንድሜ ድምፅ ሳያወጣ፣ ልክ ከማሽን ማዶ እንደቆመ ሰው፣ አንድ ቃል አላት። «ተ»ን አየሁ፣ «ባ»ን አየሁ፣ «ረ»ን አየሁ።

«ጋሼ፣ ተባረኪ ነው ወይስ ተባረሪ?» አለች፤ ከንፈሯ እየሣቀ ዐይኗ ሞልቷል።

እሱም አልመለሰላትም፤ ወንበሩን ግን አላዞረም። እኔም የመጨረሻዋን ፊደል ዛሬም አላየኋትም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎዋን ሞላሁበትና ድስቱን ልጥድ ተነሣሁ።